የጥቁር አዝሙዱ ቅል

በአንድ ወቅት፣ ያውም ከዛሬ ብዙም ባልራቀ ወቅት፣ ከጣና በላይ ባለው ጥቁር የዋልካ አፈር ሜዳ ላይ ድንጊያ የለሽ የምትባል መንደር ነበረች። እንደ ስሟ ናት፤ ውሻ የሚያባርሩበት ጠጠር እንኳ አይገኝባትም። በዚህች መንደር ጠጅቱ የምትባል ቁጡ ሴት ትኖር ነበር። ቁጣዋን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ኋላ «ምነው እንዲህ አመረረች?» እንዳትሉኝ ነው። እኔ ራሴ ይህን ታሪክ ባነሣሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እናንተም ብትቆጡ አልፈርድባችሁም።

ጠጅቱ አንድ ቅል ነበራት። ቅሉ የእናቷ ነው፤ ውስጡ ያለውም የእናቷ የጥቁር አዝሙድ ዘር ነው። «ጥቁር አዝሙድማ የት ጠፍቶ፣ ገበያው ሙሉ አይደል እንዴ!» ትሉ ይሆናል። ቆዩ እንጂ! የገበያው አዝሙድ ሁለት ክረምት ካለፈው ሽታው ይለቀዋል። የጠጅቱ ግን ስድስት ሰባት ዓመት ተቀምጦም፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው አሸት አሸት አድርገው ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት ዓይን ያስነባል። ጉንፋን የያዘው፣ ደረቱ የታፈነ፣ ራሱን የሚያመው ሁሉ «እስቲ የጠጅቱን አዝሙድ አሽትቱኝ» እያለ ይመጣ ነበር።

እናቷ ቅሉን ስታስረክባት አስምላታለች። ለበሽተኛና ለድስት የሚሆነው አዝሙድ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቅሉ ውስጥ የሚገባው ግን ዘር ነው፣ ያውም መጀመሪያ አፉን ከከፈተው ፍሬ ብቻ የተለቀመ። የቅሉ አፍ በእበትና በአመድ ይደፈናል፤ ጠባቂዋ ድፍኑ ሳይደርቅ አውራ ጣቷን ትጫንበታለች፤ በመዝሪያው ቀን የሚሰብረውም ያው ጣት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅሉ አይከፈልም። ሁለት ቤት ከገባ አንደኛው ቤት ከሌላ አዝሙድ አጠገብ ይዘራውና ንብ ያደባልቀዋል። ስለዚህ አንድ ቅል፣ አንድ ቤት፣ አንድ ማሳ። ጠጅቱ ይህን ደንብ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

እንዴት እንደጠበቀችው ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ክፉ ሳል ገባ። በየቤቱ ሰው ወደቀ፤ ለሽታ የተቀመጠው አዝሙድ አለቀ። ጎረቤት ሁሉ ደጇ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ቅሉን ክፈችው» አሏት።

«ዘር ነው።»

«ከሰውና ከዘር ማን ይበልጣል?»

«ሰው ይበልጣል። የዛሬ ዓመት የሚታመመውስ ሰው አይደለም?»

ሰዎቹ አላወቁም እንጂ ባሏ አበጀ ከጓዳ ተኝቶ እየሳለ ነበር። «ጠጅዬ፣ አንዴ ብቻ ልሽተተው» ብሎ ለምኗታል። ለእሱም አልከፈተችም። አበጀ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አዝሙዱ ያድነው ነበር አላልኩም፤ ማንም አላለም። ግን ለመናት፣ እሷም እንቢ አለች፣ እሱም ዓይን ዓይኗን እያየ ሞተ። መንደሩ ይህን ሲሰማ ከወንፈል አስወጣት። አረም ሲታረም፣ አጨዳ ሲታጨድ፣ ጠጅቱ ለብቻዋ ቀረች። በየመስከረሙ ግን ዘሯን ዘራች።

እንዲህ እያለ አንድ የካቲት ከወረዳው የግብርና ባለሙያ መጣና ገበሬውን ሰበሰበ። «ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሜዳው በሙሉ ኩታ ገጠም ይሆናል» አለ። ማሳው ሁሉ ተያይዞ አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር ሊዘራበት ነው ማለት ነው። ዘሩም ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ከሩቅ የመጣ፣ ምርቱ የበዛ። ሰው አጨበጨበ። ጠጅቱ ብድግ አለች።

«የኔ ማሳ መኻል ላይ ነው» አለች።

«የርስዎም አብሮ ይገባል፣ እናቴ።»

«አልፈልግም ብልስ?»

«አይገደዱም። ዙሪያዎ ግን ይዘራል።»

«ታዲያ ንቡን ማን ያግድልኛል?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያውም ሳቀ። ጠጅቱ ግን አልቀለደችም። እስከዚያ ዓመት ድረስ ዙሪያዋን የሚዘራው ጤፍና ሽምብራ ነበር። አሁን በአራቱም ወገን አዝሙድ ካበበ፣ ንቡ ከዚያ አበባ ወደዚህ አበባ ሲመላለስ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የእናቷ ዘር ተደባልቆ ሊጠፋ ነው።

ጠጅቱ ስማቸው የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም አላት። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ተምሮ ዶክተር የሆነ፣ በከተማ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምር። ደወለችለት።

«እትዬ፣ እነሱ የሚሰሙት ወረቀት ነው» አላት። «ዘሩን አምጪልኝና ውስጡ ምን እንዳለ ልመርምረው። ከሌላው የሚለይ ከሆነ በቁጥር አስቀምጬ ፊታቸው ላይ አኖርላቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው።

ጠጅቱ ቅሉን እንደታሸገ ሙሉውን ይዛ ሄደች። በድንጊያ የለሽ ደንብ ለምስክርነት የተጠራ ዘር አይቆነጠርም። ድሮ በዘር የተካሰሱ ሰዎች ቅላቸውን ይዘው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ ዳኛው ያያል፣ ያሸታል፣ ይመልሳል። ጠጅቱም ወንድሟ አይቶ፣ አሽትቶ፣ በመሣሪያውም ለክቶ የሚመልስላት ነው የመሰላት። ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፣ ጉንጩን ሳመችው፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ተጣድፋ ወጣች።

ስማቸው ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ኖሮ ኖሮ የዚያን ደንብ ለምዷል። እዚያ ለምርመራ የሚመጣ እህል «ናሙና» ይባላል፤ ናሙና የሚሰጥ ሰው ዋናውን ቤቱ አስቀምጦ ነው የሚሰጠው። ቅሉን ሲያይ «እትዬ አብዝታ አመጣችልኝ» ብሎ ደስ አለው። «ቤት የቀረ አለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። እሷም «እንዳትነካብኝ» አላለችውም። ከአንድ እናት ተወልደው፣ አንዱን ቅል እያዩ አድገው፣ አንዲት ቃል ተስኗቸው ቀሩ። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

በላቦራቶሪው ናሙና የምታዘጋጅ ዓይናዲስ የምትባል ሴት ነበረች። የገበሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ፣ በአንድ የድርቅ ዓመት፣ ቤተሰቧ የዘር እህሉን ቆልቶ በልቶ መሬቱን ጥሎ ከተማ ገብቷል። ያን ቆሎ አፏ ውስጥ ስትቆረጥመው አባቷ ፊቱን አዙሮ ሲያለቅስ አይታለች። ስማቸው ቅሉን ሰጣትና «መዝኚና ሁሉንም አንድ ላይ ፍጪው» አላት። በላቦራቶሪ ደንብ ከፊሉ ዛሬ ከፊሉ ነገ ከተፈጨ ውጤቱ ይለያያል።

ዓይናዲስ ድፍኑን አየችው። አመዱን አየችው። የአውራ ጣቱን አሻራ አየችው።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ የዘር ቅል ነው» አለችው።

«አውቃለሁ፣ የእናቴ ነው። ፍጪው፤ እህቴ ቤት ሙሉ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዓይናዲስ! ሥራሽን ሥሪ።»

መዘነችው፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ከዚያ ወደ ወፍጮው ሲገባ አንድ እፍኝ አነሣችና በሻሿ ቋጥራ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላውን ፈጨችው። ስማቸው ዱቄቱን ቢመዝን ጎደለ።

«ወፍጮው በላው» ብትል ያልፍላት ነበር፤ ወፍጮ ሁልጊዜም ትንሽ ይበላል። ዓይናዲስ ግን «እኔ ወስጄዋለሁ» አለች።

«ወዴት?»

«አልናገርም።»

«ለጉንፋንሽ አምሮሽ ከሆነ ገበያ አይሸጥም? የምርምር ናሙና ይሰረቃል?»

«ዘር ነው፣ ዶክተር። ዘር አይፈጭም።»

ስማቸው ተናደደ። በእጁ ደብዳቤ ጻፈና ከሥራ አስወጣት። ዓይናዲስም ሌባ የሚል ስም ተሸክማ፣ ሻሿን እንደቋጠረች ወጣች።

አሁን ደግሞ ስማቸውን እንይ። ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ እውነቱ ይነገር። ከዱቄቱ ዘይት አወጣ፤ ከመቶው አርባ እጅ ዘይት ሆነ። ፕሮቲኑን ለካ፣ ብረቱንና ካልሲየሙን ለካ። ያን ዓይን የሚያስነባውን ሽታ የሚሰጠውን፣ ታይሞኪኖን የሚባለውን ለካ፤ ከገበያው አዝሙድ እጥፍ ሆነበት። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ሁለቴ ደገመው፤ ያው ነው።

የመጨረሻው ምርመራ የፀረ ኦክሲዳንቱ ነበር። ዘይትም ቅቤም አየር እየነካው ሲቆይ ይከረፋል አይደል? ፀረ ኦክሲዳንት የሚሉት እንግዲህ ያን መከርፋት የሚከለክለው ነገር ነው። ለዚህ የሚያገለግል ሐምራዊ ፈሳሽ አለ፤ ፀረ ኦክሲዳንት ያለበት ነገር ሲገባበት ሐምራዊነቱን እየተወ ቢጫ ይሆናል። የገበያውን አዝሙድ ጭማቂ ጠብ አደረገበት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈሳሹ ገረጣ አለ። የእናቱን ጠብ አደረገበት፤ ማንጠባጠቢያውን ሳያስቀምጥ ፈሳሹ ቢጫ ሆነ። ስማቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «እማዬ! እማዬ!» አለ። እናቱ ስድስት ሰባት ዓመት የማይከረፋ አዝሙድ አለኝ ስትል ጎረቤት «ጉረኛ» ይላት ነበር።

ጽሑፉን ጻፈ፤ የእናቱንና የድንጊያ የለሽን ስም አናቱ ላይ አደረገ። ይዞ ወረዳ ሄደ። መለሱት። ደግሞ ሄደ፤ መለሱት። የዩኒቨርሲቲው አለቆች ጠርተው «የልማት ሥራ እያደናቀፍክ ነው፣ ተው» አሉት። አልተውም አለ። ከትምህርት ክፍል ኃላፊነቱ አነሡት። በሦስተኛው ሄዶ ወረዳው ደጃፍ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በመጨረሻ ማኅተም ያለበት ውሳኔ ሰጡት፦ ከጠጅቱ ማሳ በየአቅጣጫው እስከ አምስት መቶ እርምጃ ሌላ አዝሙድ አይዘራም። ማሳው ለእናት ዘሩ ይጠበቃል። ጠባቂ ሆኖ የሚመዘገበው ቅሉን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማሳውን የሚያርሰውም እሱ ነው። ሦስት መዝሪያ ሳይዘራበት ካለፈ ግን ጥበቃው ይነሣል።

መዝሪያው ሲቃረብ ጠጅቱ ወደ ከተማ ወጣች። ስማቸው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

«እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ! አሸነፍናቸው!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ወንድም!» አቀፈችው። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘች። «ቅሌስ?»

ከመደርደሪያው አወረደላት። ተቀበለችው፤ ቀለላት። ነቀነቀችው፤ ድምፅ የለውም።

«ዘሬስ?»

ስማቸው አንዲት ብልቃጥ ጥቁር ዱቄት አነሣ። «የተረፈችው ይቺ ናት። ሌላው ለምርመራው...»

«ፈጨኸው?»

«ሳይፈጭ እኮ አይመረመርም፣ እትዬ።»

«ሁሉንም?»

«ቤት የቀረው አይበቃሽም?»

«ቤት ምን ቀረ? ቤት ምን ቀረ፣ አንተ!» ጩኸቷን የሰሙ ተማሪዎች በር ላይ ተሰበሰቡ። «ለባሌ ያልከፈትኩትን! ዓይኔን እያየ ለሞተው ለባሌ ያልከፈትኩትን ነው የፈጨኸው! ዱቄት ይበቅላል? ንገረኝ፣ የተማርከው አንተ ነህ፣ ዱቄት ይበቅላል?»

«እትዬ፣ አላወቅሁም...»

«መጠየቅ አታውቅም? አፍ የለህም? በጀርባዬ ሳዝልህ ቅሉን እያየህ አላደግህም? የእናትህን ስም እዚህ ወረቀት ላይ ጽፈሃል። ጨምርበት እንግዲህ! ዘሯን ያጠፋው ልጇ ነው ብለህ ከሥሩ ጻፍበት!»

ብልቃጧን ወለሉ ላይ ከሰከሰቻት። ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ ላትቀርብ እዚያው ማለች። ስማቸው የዓይናዲስ እፍኝ ትዝ ብሎት አፉ ላይ መጣበት፤ ዋጠው። ይኑር ይጥፋ ያላወቀውን ነገር ተስፋ ብሎ እንዳይሰጣት ፈራ፤ ደግሞም «ልክ የነበረችውን አባረርኳት» ብሎ መናገር አቃተው። ኋላ ዓይናዲስን በተከራየችበት ቤት ሄዶ ፈለጋት፤ ቤቱን ለቅቃለች።

ጠጅቱ ባዶውን ቅልና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዛ ተመለሰች። አያችሁልኝ? ማሳ ተጠብቆላት ዘር የላትም። ጎረቤቶቿ «በይ እንግዲህ ሽምብራ እንዝራበት» አሏት። «አይነካም» አለች። በመስከረም አሳርሳ ባዶውን አቆየችው። ወፍ የጣለው፣ ጎርፍ ያመጣው የአዝሙድ ቡቃያ ቢገኝበት ከሥሩ ነቅላ ጣለች። «አበደች» አሏት። ሁለተኛውም መስከረም እንዲሁ አለፈ። እንዲህ ብላ የምትጠብቀው ምኑን እንደሆነ እሷም አታውቀውም፤ ንዴቷ ነው ደግፎ ያቆማት።

ዓይናዲስስ? ከከተማው ዳር አክስቷ ቤት ገብታ፣ በመጀመሪያው መስከረም እፍኟን በአሮጌ ጎማና በቀለም ቆርቆሮ አፈር ሞልታ ዘራች። ውሃ አብዝታበት ግማሹ በሰበሰ። በተረፈው ላይ ንብ የሌላ አዝሙድ ብናኝ እንዳያመጣበት የምትተኛበትን አጎበር አውልቃ ጋረደችበት፤ የወባ ትንኝ እሷን ሲበላት ከረመ። ንብ ስላልገባበት ከአበባ ወደ አበባ በዶሮ ላባ ራሷ አዳረሰችው። ያገኘችው አራት ስኒ ዘር ነው። በሁለተኛው ዓመት ከጎረቤት አጎበር ለምና፣ የአክስቷን ጓሮ በሙሉ ቆፍራ ዘራች። ወባ ያዛት፤ አተኮሳት፤ እየተንቀጠቀጠች ውሃ አጠጣች። ጥር ላይ አንድ ቅል ሞላላት። በእበትና በአመድ ደፈነችው፤ የራሷን አውራ ጣት ተጫነችበት።

በሦስተኛው መስከረም፣ መዝሪያው ሊያልፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ስለ ጠጅቱና ስለ ተጠበቀው ማሳዋ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቿ ሰምታ፣ ቅሉን ታቅፋ ድንጊያ የለሽ ገባች። ጠጅቱ ባዶ ማሳዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሙጃ ትነቅል ነበር።

«ወይዘሮ ጠጅቱ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ፈለግሽ?»

ዓይናዲስ ቅሉን መሬት ላይ አኖረችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ጠጅቱ ድፍኑን ተመለከተች፤ ጣቱ የሷ አይደለም። ያም ሆኖ ሰበረችው። ቆንጠር አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ አሸች፣ አሸተተች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከአዝሙዱ ይሁን ከሌላ ማን ያውቃል?

«እሱ ነው» አለች። ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ ተለወጠ። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ሐዘን ስቀመጥ አንቺ ጋ ነበር?»

«አንድ እፍኝ ነበር። ያኔ ቢያውቁ ከእጄ ወስደው እዚህ ይበትኑት ነበር፤ አንድ በረዶ ይጨርሰው ነበር።»

«ቃል ልከሽልኝ ቢሆንስ? አለ፣ አልጠፋም ብለሽ አንዲት ቃል!»

«ሌባ ተብዬ ነው የወጣሁት። ማን ያምነኛል?»

«እሺ፣ አሁን አመጣሽው። እግዜር ይስጥልኝ። አምጪው።»

ዓይናዲስ ቅሉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። «ልመልስልዎ አልመጣሁም። እዚህ ማሳ ላይ ልዘራው ነው የመጣሁት። ዘሩን ያዳንኩት እኔ ነኝ።»

ኧረ የዚያን ቀን ጩኸት! ሽማግሌዎች ተጠሩ። ስማቸውም ሰምቶ ከከተማ ደረሰ። ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ተቀመጡ፤ ቅሉ መኻል ላይ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ቢምረው «አጠር አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ዋልካው እየደረቀ ነው» አለ።

ጠጅቱ ተነሣች። «ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ባሌን ሰጥቼበታለሁ። ወንፈል አጥቼበታለሁ። ማሳውን ሁለት ዓመት ባዶውን ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ሽምብራ ዘርቼበት ቢሆን ዛሬ የት ትዘሩት ነበር? አውቀውም ሳያውቁም የነጠቁኝ ሁለቱም ሌቦች ናቸው።»

ስማቸው ተነሣ። «ፈጭቼዋለሁ፤ አልክድም። ባልፈጨው ግን ዛሬ ሜዳው ሁሉ ሌላ አዝሙድ ነበር፤ የዓይናዲስም ዘር የሚዘራበት አንድ ክንድ መሬት አይኖረውም ነበር። ሹመቴን ሰጥቼበታለሁ። በኔ ስም ይመዝገብ። ሰው ያረጃል፣ ቤት ይቃጠላል፤ ወረዳው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ተከራክሮ የሚመልሰው እኔ ነኝ። ያጠፋሁትን እኔው ልጠብቀው።»

ዓይናዲስ ተነሣች። «የወይዘሮ ጠጅቱ ዘር ተፈጭቷል፤ ያስፈጩትም ዶክተር ናቸው። ይሄኛው የኔ ነው። ስሜን፣ እንጀራዬን፣ ጤናዬን ሰጥቼበታለሁ። አባቴ ዘር በልቶ መሬት አጥቷል። እኔ ዘር ይዤ መሬት ልጣ?»

አያ ቢምረው እስከ መጨረሻው ሰማቸውና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጠጅቱን፣ «ለባልሽ ያልከፈትሽውን፣ ምን ያደርገዋል ብለሽ እንኳ ሳትጠይቂ እንዴት ለወንድምሽ ትተሽ ሄድሽ?» አላት። ስማቸውን፣ «ቤት የቀረ አለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለው። ዓይናዲስን፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ወደ ከተማ የሚመላለስ አንድ ሰው አጣሽ?» አላት።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ሁለቱ ለጠጅቱ አሉ፣ ሁለቱ ለስማቸው፣ ሁለቱ ለዓይናዲስ። አያ ቢምረው ራሱ «እኔን አትጠይቁኝ» ብሎ ተነሣ። ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አደረገ፤ እበትና አመድ በመዳፉ ለወሰና የተሰበረውን የቅሉን አፍ እንደገና ደፈነው። «ይሄ እስኪደርቅ ድረስ ጣቱን የሚጭነው ይታወቅ» አለ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልከልክል፤ «ያካፍሏቸው» የሚል ሰው ካለ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሂድልኝ፤ ቅሉ እንደማይከፈል ነግሬያችኋለሁ። «ታርቀው አብረው ይዝሩት» የሚልም ካለ ጠጅቱ ፊት ሄዶ ይንገራት፤ እኔ ግን አብሬው አልሄድም። ወረቀቱም የሚመዘግበው አንድ ሰው ነው። ይህ ሦስተኛው መዝሪያ ነው፤ የቀረው አራት ቀን ነው፤ ካለፈ ጥበቃው ተነሥቶ ማሳውም ኩታ ገጠም ይገባል። ሦስቱም ቅሉን ከበው ተቀምጠዋል። ሦስት አውራ ጣት አለ፤ ድፍኑም መድረቅ ጀምሯል።

በሉ ንገሩኝ፤ የማን ጣት ይረፍበት?